ምስማር የማይመታበት ቤት

ማርች 4

ዝናብ። ድንችና ጎመን ቀቅዬ አብሬ ደፈጠጥኩ። ከምሳ በኋላ ኤግበርት ደረጃውን ሲወጣ መሃል ላይ ቆመ። የግድግዳ ወረቀቱን እያየ ነው አሉ። በትዳራችን ሙሉ ያየውን ወረቀት።

“ምን አዲስ ነገር አገኘህ?”

“አበቦቹ ደብዝዘዋል” አለ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ሳንባው ነው። ሐኪሟ እንደ አየር ትንበያ ለስለስ አድርጋ ነገረችን፦ መጪውን የብርድ ወራት በዚህ ደረጃና በዚህ እርጥበት ባያሳልፍ ይመረጣል። ይመረጣል!

ልጃችን ዮሪንደ አፓርታማ አገኘሁ ብላ ደወለች። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር፤ ሊፍት ያለው። የኃይል ቁጠባ ደረጃው “ኤ” ከአራት የመደመር ምልክት ጋር። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ለማንም ተማሪ ኤ ከአራት መደመሪያ ጋር ሰጥቼ አላውቅም። ለግድግዳ ይሰጣል?

ማርች 8

ቤቱን አየነው። የተፈቀደልን ሩብ ሰዓት ነው። ከፊታችን ባልና ሚስት፣ ከኋላችን ባልና ሚስት፤ ሁላችንም ጫማችን ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ አጥልቀን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ። ደላላው ልጅ ነው፤ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል። “ጸጥታውን ስሙት” ይላል። ምኑ ይሰማል? መስታወቱ ባለ ሦስት ድርብ ነው። ውጭ ወፏ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ የለም።

ጋዝ የለም። ሙቀቱን ፓምፕ ነው ወለሉ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ የሚልከው። ኤግበርት ሳሎኑ መሃል ቆሞ በረጅሙ ተነፈሰ። አንዴ። ሳይቆራረጥ። አየሁት... ተናደድኩ።

ለምን? በቃ፣ ለራሴ ልጻፈው። አሮጌው ቤት ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል የቲመን ነው። ልጄ ታሞ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ፤ አሥር ዓመት አለፈው። ኤግበርት ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ጠርቶ አያውቅም። ቤቱን ከሸጥን የልጁ ስም የት ይኖራል? ሙቀት ፓምፑ ውስጥ?

ማርች 12

ዋጋ የሚቀርበው በታሸገ ፖስታ ነው ይላሉ። ፖስታ የለም፣ ኢሜይል ነው። ሌላው ስንት እንዳለ ማንም አያውቅም። ደላላውን “ስንት እንበል?” ብዬ ብጠይቀው “ልብዎ የሚልዎትን” አለኝ። ልቤ የሚለኝን ብነግረው በዚያች አጭር ሱሪው ይሮጥ ነበር።

ማርች 14

ለኛ ሆነ። ኤግበርት “እህ” አለ። ዮሪንደ ስልክ ላይ አለቀሰች። እኔ ዕቃ አጠብኩ፤ የታጠበውንም ደግሜ።

ማርች 20

ፈረምን። ሕጉ ለገዢ ሦስት ቀን ማሰቢያ ይሰጣል፤ ያለ ምንም ምክንያት መተው ይቻላል። ምክንያት ግን ሞልቶኛል።

“ልተወው ነው” አልኩ እራት ላይ።

“እሺ።”

“እሺ? ይኸው ነው?”

“ቤቱ ያንቺም ነው፣ ዲኒ።”

“አንተስ ምን ትፈልጋለህ?”

ቅቤውን ዳቦው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ቀባ። “መተንፈስ” አለ።

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንዴት ይጣሏል?

ማርች 23

ቀኑ አለፈ። አልተውኩትም።

ኦገስት 30

አሮጌውን ቤት ሸጠን ገባን። የባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ሃርምሰን ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ጡረታ የወጣ የድልድይ መሐንዲስ። ቀጠሮ አስይዞ መጣ። አንድ ቡና፣ አንድ ብስኩት፣ ከዚያ ደንቡ። መስኮት ከፍቶ መተው የለም፤ አየሩ በራሱ ይቀየራል። በረንዳ ላይ ልብስ አይሰጣም። ማኅበሩ ሳይፈቅድ ግድግዳ አይበሳም።

“ምስማርስ?”

“ወይዘሮ፣ ምስማርም መብሳት ነው።”

“ትንሽ ብትሆንስ?”

“ቀዳዳ ትንሽና ትልቅ የለውም።”

ሠላሳ ዓመት በሱ ድልድይ ላይ ተሻግሬ በሕይወት መኖሬ ይገርማል።

ሴፕቴምበር 6

ፀሐይ ወጣች። እዚህ አገር ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሥራውን ጥሎ ወንበር ይዞ ይወጣል። የኛ ሕንፃ ግን ፀሐይ ባየ ቁጥር መስኮቶቹን ከውጭ በመከለያ በራሱ ይጋርዳል፤ ቤቱ እንዳይግል። ዝናብ ሲመጣ ይከፍትልናል። ዝናቡን አጥግቦ አሳየን።

ሃርምሰን ጋ ደወልኩ። “ሲስተሙ ነው” አለኝ። የጥንት ሰዎችም መብረቅ ቤታቸውን ሲያቃጥለው እንዲህ ያለ መልስ ነበራቸው።

ኦክቶበር 25

ዮሪንደ ስጦታ ይዛ መጣች። የልደት ካላንደር፤ የዘመድ ወዳጅ ልደት የሚጻፍበት፣ ዓመት ከዓመት የሚያገለግል። የት ይሰቀላል? እንደ ሁሉ ሰው ሽንት ቤት ነዋ፤ ሰው ቁጭ ብሎ የማን ልደት እንደደረሰ የሚያይበት ሌላ የት አለ? አሮጌው ከገባን ጀምሮ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ምስማር ክልክል ነዋ። በፕላስተር ሁለቴ ለጥፌው ወድቆ ወደ ካርቶኑ ተመልሷል።

አዲሱ ግራጫ ነው፤ ከግድግዳው ጋር እንዲሄድ። የራሱ ማጣበቂያ አለው። ስሞቹን በዚያ ቆንጆ እጅ ጽሑፏ ገልብጣቸዋለች። ኖቬምበርን ገለጥኩ። 19 ባዶ።

“ወንድምሽስ?”

“እማዬ... አዲስ ቤት ነው። በመጣሁ ቁጥር እዚያ ቁጭ ብዬ ስሙን ማንበብ አልችልም።”

“ዓይንሽን ጨፍኚ።”

“እማዬ!”

“አክስትሽም ሞታለች። እሷን ጽፈሻታል።”

“እሷን... መሞቷን ረስቼ ነው።”

“የሷን መሞት ረሳሽ፣ የሱን መኖር ረሳሽ። ጥሩ ነው።”

እያለቀሰች ሄደች። ካላንደሩን ወረቀት የሚጣልበት ውስጥ ጣልኩት፤ ማጣበቂያውን ነጥዬ ፕላስቲኩ ጋ። ብናደድም ቆሻሻ መለየት አይጠፋኝም።

ኤግበርት ሁሉንም አይቶ አንድ ቃል አልወጣውም። ይኼ ሁሉ ትንፋሽ የተገዛለት ለምንድነው ታዲያ?

ኦክቶበር 26

ዝም። እሱም፣ ቤቱም።

ኖቬምበር 2

ጠዋት፣ ገና ፒጃማዬን ሳላወልቅ፣ የድሪል ድምፅ። ከሽንት ቤት። ሮጥኩ። ኤግበርት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አሮጌውን ካላንደር ብብቱ ሥር ይዞ ይበሳል!

“ኤግበርት! ፈቃድ...” ሳልጨርስ ግድግዳው ውሃ ተፋበት። ቱቦ ነበረ።

ሃርምሰን በነጠላ ጫማ ደረሰ። ያለ ቀጠሮ! ኮርኒሱ ላይ እየተንጠባጠበበት ነው።

“ማነው የበሳው?”

“ሁለታችንም” አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

ኤግበርት ዋናውን መዝጊያ እስኪያገኝ ሃርምሰን አውራ ጣቱን ቀዳዳው ላይ ተጭኖ ቆመ። ካላንደሩን እንዳይረጥብ መስታወቱ ሥር አስደግፌው ስለነበር አፍንጫው ኖቬምበር ላይ “ልጃችን ቲመን” ከሚለው መስመር ጋር ገጠመ። እንዲያም ሆኖ ደንቡን በቃሉ ይወጣልኛል።

“እርስዎ ሰው ነዎት ወይስ ሲስተም?” አልኩት።

አውራ ጣቱን አላነሣም። ፊቱ ላይ ውሃ እየወረደ።

ቧንቧ ሠሪው ጠግኖ ሄደ። ከዚያ ኤግበርት ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ እንደገና በሳ። አሁን ቱቦ የለም። ካላንደሩ ተሰቀለ፤ ወረቀቱ ተጨማድዶ። ስለ ቲመን ግን ዛሬም ቃል የለም።

ኖቬምበር 19

ጠዋቱ እንደ ሁልጊዜው። እሱ ጋዜጣውን ያነባል፣ እኔ እሱን። ቀኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ረፋዱ ላይ ደወል። ሃርምሰን። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እጁ ላይ አበባ። ስለ ኮርኒሱ መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ። እጄን ጨበጠ።

“እንኳን ለልጅዎ ለቲመን ልደት አደረሰዎ።” ኤግበርትንም ጨበጠው። “እንኳን አደረሰዎ። ስንት ሞላው?”

ወግ ነው፤ ልጁ የትም ይሁን የት ወላጆቹ እንኳን አደረሳችሁ ይባላሉ። ግን በሩን ፊቱ ላይ ልዘጋው እጄ ተነሥቶ ነበር። እውነቴን ነው።

“አርባ” አለ ኤግበርት። “ቲመን ዛሬ አርባ ይሞላው ነበር።”

ጠራው። ስሙን።

ሃርምሰን እስከ ጆሮው ቀላ። “ይቅርታ... ካላንደሩ ላይ አይቼ... እኔ...” ሊሄድ ዞረ።

“ተቀመጥ” አለው ኤግበርት። አንተ ብሎ!

ያኔ ትዝ አለኝ፦ ቤት ውስጥ ኬክ የለም። ሰው ለልደት መጥቶ ኬክ የለም! ምድር ብትውጠኝ... ወለሉ ግን ሞቃት ነው፣ ቱቦ አለበት። ኤግበርት ኮቱን ለበሰ። “ዳቦ ቤት ደርሼ መጣሁ።” ብቻውን ሊፍቱን ጠርቶ ወረደ።

ከሃርምሰን ጋር ተፋጠጥን። ፀሐይ ብቅ አለች፤ መከለያው ወረደ። ጨለማ ውስጥ ሁለት አዛውንቶች። ሃርምሰን ሳል ሳል አለና ተነሥቶ፣ ከመብራት ማብሪያው አጠገብ ያለችውን ክዳን ከፍቶ የሆነ ነገር ተጫነ። መከለያው ወደ ላይ ተመለሰ።

“ይሄ ቁልፍ ድሮም ነበረ?!”

“ለነዋሪ እንዲነገር... አይመከርም። ሁሉም እየተነሣ ቢጫነው...”

“ስንት ፀሐይ ቀብረውብኛል፣ አቶ ሃርምሰን!”

“አውቃለሁ” አለ። “ዛሬ ግን በሊቀመንበርነት አይደለም የመጣሁት።”

ስቄ ይሆናል። እርግጠኛ አይደለሁም።

በመስኮቱ ኤግበርትን አየሁት። የኬክ ካርቶኑን ውሃ የሞላ ሳህን እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ደልደል አድርጎ በፀሐይዋ መሃል ይመጣል። አንዴም አልቆመም።

አራት ቁራጭ ገዝቷል። “አራተኛው የዮሪንደ ነው። ደውዬላታለሁ፣ እየመጣች ነው።”

“ምን አልካት?”

“ወንድምሽ አርባ ሞላው አልኳት።”

ሃርምሰን ሲወጣ ልደቱን ጠየቅኩት። ፌብሩዋሪ 11። ካላንደሩ ላይ ጻፍኩት።

በእርሳስ። ገና አልወደድኩትም።