የአባዬ ሸራ

ሰኞ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1971

ከማል ፍሬኔን በልቶ ቮልስ መኪናዬን መለሰልኝ። የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ እምቢ ማለት አቃተኝ። «እታለም፣ ለሳምንት ብቻ» ብሎ ወሰዳት። ቤንዚን በወረፋ ስለሆነ ለመቆጠብ ብሎ የሐረጎን ቁልቁለት ከአናቱ እስከ ኮምቦልቻ ማርሽ አውጥቶ፣ በፍሬን ብቻ እየያዘ ሲወርድ ከርሟል። ብልጠቱን ደግሞ እየሳቀ ነገረኝ። ያተረፈውን ቤንዚን ይጠጣው።

መካኒኩ ጋሽ ተፈራ ጎማውን አውልቆ አሳየኝ። የፍሬኑ ሸራ፣ ያ ጎማውን ጨምድዶ የሚያቆመው፣ ሙልጭ ብሎ አልቋል። ብረት ብረትን እየፋቀ ነው።

«በዚህ ሐረጎን ከወረድሽ ኮምቦልቻ የሚደርሰው ወሬሽ ነው» አለኝ።

አባዬ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወዲያ ሐርቡ ተኝቶ ይጠብቀኛል። የእግሩ ቁስል አልድን ብሎ ዓርብ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው። ባለፈው በአውቶቡስ ሲመጣ ሐኪሙ፣ ከዘገዩ እግሩ መቆረጡ አይቀርም ብሎ አስጠንቅቆናል። አሁን ግን እግሩን ማጠፍ ስለማይችል አውቶቡስ አይሆነውም። ሐሙስ ወርጄ ላመጣው ነበር።

የጭነት መኪና ሾፌሩ ይማም ወደ ሐርቡ ሲወርድ አገኘሁትና ላኩበት፦ የመኪናዬ ሸራ አልቋል፣ እሱን እንዳገኘሁ ሐሙስ እመጣለሁ፣ አታስብ በልልኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

እዚህ ደሴ ፒያሳ ያለው መለዋወጫ ሻጭ አዲስ ሸራ ከነካርቶኑ አለው። ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜ። ትንሽ ቀንስልኝ ስለው ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ «ጓዲት፣ ውሰጂ ወይ ተይው» አለኝ። ጓዲት! ጓድነቱ የቱ ጋ እንዳለ ያሳየኝ።

ጋሽ ተፈራ ደግሞ ከከባድ መኪና ሸራ ቆርጦ በአሮጌው ብረት ላይ ሊመታልኝ ይችላል። ርካሽ ነው። ይይዛል ወይ ስለው ደሴ ውስጥ ይይዛል አለ። ሐረጎስ ስለው እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። መልሱ ገባኝ።

ሌላው ኮምቦልቻ ነው። ከተጋጨች ቮልስ የተፈታ ደህና ሸራ ያለው ሰው አለ አሉ። እሱ ይሻላል።

ከሰዓት መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ጠመኔ ሰበርኩ፣ አንዲት ምስኪን ሴትዮም ላይ ጮህኩ። ጾም ይዤ ስንቱን ሰደብኩ። አብዛኛውን በልቤ ነው፤ እሱም ግን ይቆጠራል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9

ሌባ። ሌባ። ሌባ።

ጠዋት በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሻጩ ሰይድ ይባላል፤ ለስላሳ ሰው፣ መቀመጫ የሰጠኝ ሰው። ሸራው ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። «ወላሂ፣ ሁለት ወር አልተነዳበትም» አለኝ። አመንኩት። ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁት። እንደ ልጅ አቅፌው ሐረጎን ወጣሁ።

ጋሽ ተፈራ በጥፍሩ ፋቅ አደረገውና ጣቱን አሸተተ። የጫማ ቀለም ነው። ሥሩ ዘይት የጠጣ፣ ያለቀለት አሮጌ። በረመዷን ወላሂ ብሎ የጫማ ቀለም ሸጠልኝ!

ማታ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስለ በዝባዦች ሲነገረን አመሸ። እኔም በልቤ ሰይድንና የፒያሳውን ሰውዬ እየጨመርኩ አጨበጨብኩ። እንደዚያ ከልቤ አጨብጭቤ አላውቅም።

ነገ ሐሙስ ነው። የአባዬ እግር ዓይኔ ላይ ነው። ጋሽ ተፈራ ያንን የከባድ መኪናውን ይምታልኝ፣ ቢስሚላህ ብዬ እወርዳለሁ። ሌላ ምን አለኝ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 10

በማለዳ ይማም በሬን አንኳኳ። በትከሻው ትልቅ ጥቅል ተሸክሟል፤ አባትሽ ልከውልሻል አለኝ። ፈታሁት። አረንጓዴ ሸራ፣ አዲስ፣ የመኪና ጭነት የሚሸፈንበት።

«ጊደሯን ሸጡ እኮ። ‹ሸራዋ አልቆ ልጄን ዝናብ ሲመታት እኔ ዝም ልበል?› አሉ» አለኝ።

አባዬ የሚያውቀው ሸራ የጭነት መኪና የሚለብሰውን ብቻ ነው።

ይማም ላይ ጮህኩ። ሾፌር ሆኖ እንዴት አያስረዳም? እሱ ምን ያድርግ፤ ሸራ አልሽኝ፣ ሸራ አልኳቸው፣ ሲገዙ አልነበርኩም ይላል። እሱን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁና ጥቅሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያለችው አንድ ጊደር ነበረች።

ከዚያ ተነሳሁ። ሸጬ ገንዘቡን ልመልስለት ብዬ ሸራውን ለኩሊ አሸክሜ ወደ ሰኞ ገበያ ሰፈር ስሄድ፣ ፒያሳ ላይ ያ ሰውዬ ከሱቁ ወጣ። ጋዜጣውን አስቀምጦ! ለካ የጭነት መኪናው ሸራ ተቀዶ እህሉ በዝናብ እየበሰበሰበት ነው፤ አዲስ ሸራ ደግሞ ከከተማው ጠፍቷል። ጫፉን ዳሰሰ፣ ገለበጠ፣ ስንት ነው አለኝ።

ዋጋው ያ ካርቶን ነው አልኩት። ይበዛል አለ።

«ጓድ፣ ውሰድ ወይ ተወው።»

ወሰደ። ጾሜን ሳልፈታ የጣፈጠኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ኃጢአት ከሆነ አላህ ይማረኝ።

ጋሽ ተፈራ ገጥሞ ሲጨርስ ራሱ ነድቶ ሞከራትና ሂጂ አለኝ። ሐረጎ ጉም ነበር። ማርሽ አስገብቼ፣ ቀስ እያልኩ፣ ከማልን በየጠመዝማዛው እየረገምኩ ወረድኩ። አባዬ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 12

ትናንት ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ አየው። ለጊዜው አይቆረጥም አለ። ለጊዜው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንመለሳለን።

ዛሬ አባዬን ወደ ሐርቡ መለስኩት። ሐረጎ ላይ ዝናቡ ዶፍ ሆነ። ኋላ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ጣራውን በከዘራው ነካ ነካ አደረገ።

«ሸራው የታለ?»

«ጎማው ውስጥ ነው፣ አባዬ።»

ሁለት ጠመዝማዛ አለፍን።

«ይዟል?»

«ይዟል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሐርቡ ስንደርስ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ በኔ ሸራ ነው የወረድነው ይላል። ምኑን ላርመው? እውነቱን ነው። ጓሮ ግን የጊደሯ ገመድ ችካሉ ላይ ታስሮ ቀርቷል። አየሁት፤ ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሳ።

ደሴ ስመለስ የከማል መልእክት ጠበቀኝ። መኪናዋን ለነገ ብቻ ይፈልጋታል።

ጊደር ይዞ ይምጣ።