አምስት ቆርቆሮ ቀለህ

ሃርላን፣

«እቤት ውስጥ ሥራ አትነካም» እያልክ ስለከረምክ ዛሬ ነካሁ። ዳግም ባሩድ ልትሞላቸው በአምስት ቆርቆሮ ያስቀመጥካቸውን ባዶ የጥይት ቀለሆች በሙሉ አጥቤ አንድ ባልዲ ውስጥ ሰብስቤልሃለሁ። እንደ ወርቅ ያበራሉ!

ቆርቆሮዎቹ ላይ የጻፍከውን ያነበብኩት ግን ከጨረስኩ በኋላ ነው። አንዱ «አንዴ የተተኮሰ» ይላል። ሌላው «ስድስት ጊዜ የተተኮሰ፣ ዳግም ቢሞላ ፊት ላይ ይፈነዳል»።

አሁን ሁሉም አንድ መልክ ናቸው።

ቀለሁ ሥር ተገጥመው ባሩዱን የሚለኩሱትን ፍሬዎች ግን የጠመንጃውን ከሽጉጡ ለይቼ ገዝቼልሃለሁ። አየህ፣ ስትነግረኝ እሰማለሁ።

አጋዘን አደን ወጥቻለሁ፤ ከቀናኝ ጉበቱ ያንተ ነው።

ለራስህ ያስቀመጥካቸውን ሃያ አዲስ ጥይቶችም ይዣለሁ። አትቆጣ፤ ከባልዲው ቀለህ በተሞላ ጥይት ማን ደፍሮ ይተኩሳል?

ወንድምህ
ክላይድ