ሦስት ሰዓት እንዴት ዘጠኝ ሆነ

ማክሰኞ

ጠዋት ባዶ፣ ከሰዓት ሞልቶ የሚፈስ። ትዕግሥት በስልክ ያለችኝ ይህንን ነው። ባምቢስ አጠገብ ያለው ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የእኛን የቀጠሮ ሲስተም ከጀመሩ ገና ጥቂት ቀናቸው ነው። ለጊዜው የምንይዘው የላቦራቶሪ ቀጠሮ ብቻ ነው፣ እሱም ጠዋት ብቻ፣ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ስለሚመጣ። ታዲያ ከሰዓት የሚልካቸው ማን ነው? እሷ እኔን ትጠይቃለች፣ እኔ ኮምፒውተሬን እጠይቃለሁ፣ ኮምፒውተሬ ምንም ችግር የለም ይላል። ደጋግሜ ሞከርኩት። ሦስት ሰዓት ብዬ ስይዝ ሦስት ሰዓት ብሎ ይመልስልኛል።

አለቃችን ዮናስ እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ክሊኒኩ ወደ ወረቀት መዝገቡ ይመለሳል አለን። የእኔ የሙከራ ጊዜም የሚያልቀው በዚሁ ሰሞን ነው። እሱን በአፉ አላነሳውም።

የምጠረጥረው ቢኒያምን ነው። ሲስተሙን ለሁለት ነው የተካፈልነው፤ ከስልክ የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው በር የእሱ፣ ውስጡ የእኔ። በሩ ላይ የሆነ ነገር ነክቷል። ግን ምን ብዬ ልጠይቀው? የመጀመሪያ ቀን መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበሩን የለቀቀልኝ ልጅ ነው። የጻፍኩትን ሁሉ አሪፍ ነው ይላል። እኔም የእሱን ሁሉ አሪፍ ነው እላለሁ። የሰው ኮድ መክፈት የሰው ድስት እንደመክፈት ነው የሚሆንብኝ።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ ትዕግሥት ሳትደውል በፊት ለእትዬ ዘነቡ የነገውን ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። አከራዬ ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ወረፋ አይወዱም። ሰዓቱ በመልእክት ይመጣልዎታል፣ ከእንግዲህ ሰልፍ የለም ብዬ ጉራዬን ነዛሁባቸው።

ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ ግቢው በጎረቤት ተሞልቶ አገኘሁት። እትዬ ዘነቡ ለገሃር ታክሲ ሲጠብቁ ተዝለፍልፈው ወድቀዋል። የማያውቋቸው ሰዎች ደግፈው ለስላሳ አጠጥተው ቤት አደረሷቸው። አሁን ደህና ናቸው።

መልእክቱን ከስልካቸው አነበብኩት። “ምግብ ሳይቀምሱ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ይምጡ።” ቃሉ የእኔ ነው። ዘጠኙ የማን ነው?

ለምን አልደወሉልኝም ብዬ ተቆጣኋቸው፣ የመቆጣት መብት ያለኝ ይመስል።

“ምን ያስደውላል ልጄ? ረቡዕ ነው። በሁዳዴስ እስከ ዘጠኝ አይደል የምቆየው?” አሉኝ።

የጠዋት ኪኒናቸውን እንደ ልማዳቸው ውጠዋል። እህል ግን ባፋቸው አልዞረም። እስካሁን ከታካሚዎቹ ማንም ያልጮኸው ለዚህ ነው ለካ። ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ይቆዩ ሲባል አዛውንቱ ሁሉ እንደ ጾም ቆጥሮት ችሎ ቆይቷል። ስንቱን እንዲህ አዙሮት ይሆን? ማሰቡም አስፈራኝ። ለዮናስ ወዲያው ደወልኩና አዲስ ቀጠሮ እንዳይያዝ ሲስተሙን ዘጋነው፤ የዚህን ሳምንት ባለቀጠሮዎች ትዕግሥት እየደወለች ታስተካክላለች።

ሐሙስ

ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ እሳቸው ዘንድ ዋልኩ። አጥሚት ጠጡ። ቀለማቸው ተመልሷል፣ ጠያቂነታቸውም እንደዚያው። የተሳሳተው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ።

ጡረታ እስኪወጡ መሥሪያ ቤት ስለሠሩ በዚያው አስረዳኋቸው። ከስልክ የሚመጣው ጥያቄ እንደ ባለጉዳይ ነው። መጀመሪያ በር ላይ ይፈተሻል፤ ይህን ፍተሻ ሚድልዌር እንለዋለን። ከዚያ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ ይነገረዋል። ክፍሉ ውስጥ ጉዳዩን የሚያየው ባለሙያ ኮንትሮለር ይባላል። እሱ መዝገብ ቤት፣ ማለትም ዳታቤዙ፣ እንዲጻፍ ያዛል። በመጨረሻ መልሱ በደንብ ተጽፎ ለባለጉዳዩ ይወጣል። ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው፣ አንዱ የሌላውን አይሠራም። ቢያንስ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል።

“እና የቱ ክፍል ነው?” አሉ።

በሩ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። የቢኒያም ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ባለመጥራቴ ራሴን እንደ ጨዋ ቆጠርኩ።

ዓርብ

ዛሬ የቢኒያምን አዲስ ሥራ ወደ ኮምፒውተሬ አወረድኩት። ለካ እስካሁን እየሞከርኩ የነበረው የድሮውን በር ነው። ከዚያ አንድ የውሸት ታካሚ ፈጥሬ ከበሩ ጀምሬ እግር በእግር ተከተልኳት፤ በየክፍሉ ሰዓቷ ስንት እንደሆነ እንዲጽፍልኝ አደረግኩ።

እኛ ጠዋት ሦስት የምንለውን ማሽኑ ዘጠኝ ነው የሚለው፤ ስድስት መጨመር አለበት።

ስትገባ፦ ሦስት።
በሩን ስታልፍ፦ ዘጠኝ። ትክክል ነው!
እኔ ክፍል ስትደርስ፦ አሥራ አምስት።

አሥራ አምስት ማለት በእኛ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ሁለተኛዋን ስድስት የጨመርኳት እኔ ነኝ። ሰዓት መቀየር በውላችን የበሩ ሥራ ነበር። ሲስተሙ ሊጀመር ሰሞን በሩ እንደማይቀይር አይቼ፣ ቢኒያም ረስቶታል፣ ዮናስ ፊት ከማሳፍረው ብዬ ዝም ብዬ እኔው ጋ አስገባሁት።

ጊዜ ሳልፈጅ ቢኒያምን ካዛንቺስ ከቢሯችን ሥር ወዳለው ካፌ ይዤው ወረድኩ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ እኔ ገና እያመነታሁ ነበር። በመጨረሻ ተናገርኩ።

“እኔ ደግሞ ማለቴ… ሰዓቱ በትክክል እንዳልገባ ሳይ ያንቺ ስህተት መሰለኝ። ገና አዲስ ነሽ፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ። እንዳትሸማቀቂ ብዬ በሩ ላይ አስተካከልኩት” አለ ቢኒያም።

ሁለት ባላ ትከል ይላሉ፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። እኛ ሁለቱንም ተክለን ቤቱን አጋደልነው። በይሉኝታችን ሰው ወደቀ። ይህን ስለው ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እኔም ቀድሜዋለሁ።

ቅዳሜ

የማይታመን ነገር።

ከሁለቱ ስድስቶች አንዱ መነሳት አለበት ተባባልን። “የእኔ ይነሳ” አለ። “የለም፣ የእኔ ይነሳ” አልኩ። ካፌ ሒሳብ ላይ የሚደረገው ትግል። የተስማማን መስሎኝ ወደየወንበራችን ሄድን፣ እኔ የእኔን አነሳሁ። ለሙከራ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብዬ ለራሴ ቀጠሮ ያዝኩ። መልእክቱ መጣ፦ ምግብ ሳይቀምሱ ከሌሊቱ 9፡00 ሰዓት ይምጡ።

እሱም የእሱን አንስቷል!

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ። ይህ መልእክት ለታካሚዎቹ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ስንት አዛውንት በጨለማ ይወጣ ነበር? ቢኒያምን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ሰዓት የበሩ ሥራ ነው፣ ያንተ ይመለስ፣ እኔ አልነካውም፣ በቃ አልኩት። ስናገር ድምፄ ወፈረብኝ። እሺ አለ፣ አልተቀየመኝም። የተቀየመኝ ከመሰለኝም ልጠይቀው ወስኛለሁ።

ዮናስ ዘንድ አብረን ገባን። ቢኒያም ጥፋቱን ሁሉ ሊጠቀልል ሲጀምር አቋረጥኩትና ግማሹ የእኔ ነው አልኩ። ዮናስ ጣሪያውን አየ። ሰኞ እናያለን ብቻ ነው ያለው።

እሑድ

መዝገብ ቤቱ ውስጥ የገቡት የተሳሳቱ ሰዓቶች በራሳቸው አይታረሙም። የሚመጣው ሳምንት ቀጠሮ ያላቸውን ሁሉ ተካፍለን ደወልን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንድ አባት ይቅርታዬን ሰምተው ሲጨርሱ መረቁኝ፣ ያ ከስድብ ይበልጥ አመመኝ። አንዲት ሴትዮ ግን በደንብ ሰደቡኝ። ቀለለኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

እትዬ ዘነቡ ምርመራቸው እንደተንጠለጠለ ነው። በእግሬ ሄጄ ወረፋ ልያዝልዎት አልኳቸው።

“በዚያው በስልክሽ ያዢልኝ” አሉ።

እምቢ ብለውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሲስተሙ ታርሞ ተከፍቷል፤ ያዝኩ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። መልእክቱ ሲመጣ ስልካቸውን ከእጃቸው ነጥቄ አየሁ። ከጠዋቱ 3፡00 ይላል። እንደገና አየሁት። የኪኒናውን ነገር ደግሞ ወደ ትዕግሥት ደውዬ ነርሷን ጠየቅኩ፤ ከምርመራው በኋላ፣ ከቁርስ ጋር ይዋጣል አለች። ራት መብላት አልቻልኩም።

ሰኞ

አብሬያቸው ሄድኩ። ቁርሳቸውን በምሳ ዕቃ የያዝኩት እኔ ነኝ። ወንበሮቹ ጠዋት በጠዋት ሞልተዋል፤ ትዕግሥት ከሩቅ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እኔ ግን የላቦራቶሪውን በር እንጂ እሷን አላይም። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተነስቼ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ማንም አልተጠራም። እትዬ ዘነቡ እጄን ይዘው፣ “ተቀመጪ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የታመምሽው?” አሉኝ።

ከዚያ ስማቸው ተጠራ።

እሳቸው ውስጥ ሳሉ የቢኒያም መልእክት ገባ። “እንዳየው ትናንት የላክሽልኝን የታካሚ መልእክት ጽሑፍ አየሁት። አልወደድኩትም። ስለ መድኃኒት አንድ ቃል የለውም፣ እትዬ ዘነቡን የጣላቸው ሰዓቱ ብቻ አይደለም። ዛሬውኑ ቀይሪው።”

ፊቴ ጋለ። አሪፍ ነው ያላለኝ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ አጠፋሁ። ልክ ነው፤ ነርሷን ለእሳቸው ጠይቄ ለሌላው ሰው ሁሉ መጻፉ ትዝ አላለኝም። ልክ ነህ፣ እቀይረዋለሁ ብዬ ላክሁለት።

ዮናስ ስለ እኔ ገና ምንም አላለም። እትዬ ዘነቡ ክንዳቸው ላይ ጥጥ ይዘው ወጡና ከአጠገቤ ተቀመጡ።

“ቁርሴን አምጪ” አሉ። “ዛሬ ጾም አይደለም።”