«በሞቴ» ያልተባለችው ትሁን

ለተከበሩ የውጭ አገር ተማሪዎች ቅጥር ክፍል ኃላፊ፤
እኅቴ በምትማርበት የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? እኛ በላስታ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነን፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎናል። በግል የጻፍኩልዎትን ሁሉ «መልእክትዎ ደርሶናል» እያለ የሚመልስልኝን ትሑት ማሽን ከዚህ በላይ ላለማድከም ስል በአደባባይ ጻፍኩልዎ። በአማርኛ መሆኑንም ይቅር ይበሉኝ፤ በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን አስጎብኚ ነኝና እንግሊዝኛዬ ለዋሻው እንጂ ለብሶት አይበቃኝም።

አንደኛ፤ የውጭ አገር ተማሪ ከግቢ ወጥቶ እንዳይሠራ ስለከለከላችሁ፣ በግቢ ውስጥ ለመቀጠር ደግሞ አስቀድሞ በግቢ ውስጥ የሠራ መሆን አለበት ስላላችሁ ከልብ እናመሰግናለን። ዋና እስኪለምድ ድረስ ወንዝ እንዳይገባ የተመከረውን ሰው አስታወሳችሁን።

ሁለተኛ፤ እኅቴ ትሁን ለቤተ መጻሕፍት ሥራ ቀርባ «ሥራውን ምን ያህል ትችዪዋለሽ?» ብላችሁ ስትጠይቋት፣ አንገቷን ደፍታ «እሞክራለሁ፤ ከእኔ የሚሻል ግን አይጠፋም» ብላችኋለች። እናንተም ቃሏን አምናችሁ የሚሻለውን ፈለጋችሁ። ክቡርነትዎ፣ ይህች ልጅ እዚህ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት ስታስተዳድር የኖረች ናት! በእኛ አገር ግን ሰው ራሱን አያወድስም፤ «እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» እየተባልን ነው ያደግነው። የተራበ እንግዳ እንኳ ብላ ሲባል መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላል፤ ባለቤቱ «በሞቴ!» ብሎ ሲለምነው እጁን ይታጠባል። ትሁን ከጠያቂዎቿ አንዱ «ተይ እንጂ፣ አንቺማ ታውቂበታለሽ» እስኪላት ስትጠብቅ፣ እናንተ አመስግናችሁ በሩን ከፈታችሁላት።

ሦስተኛ፤ «በዚህ ሥራ እኔን የሚያህል የለም» ያለውን ወጣት ስለቀጠራችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። መጻሕፍቱን በቀለማቸው ደርድሯቸዋል አሉ፤ ትሁን የምትማርበትን የውኃ ምሕንድስና መጽሐፍ ያገኘችው ከወጥ አሠራር መጻሕፍት መካከል ነው። ለዓይን ግን ደስ ይላል ብላለች።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን መረጋጋት ስላቃተኝ ወደ ዋናው ልሂድ። ይህ የትምህርት ወቅት ሳያልቅ በግቢው ሥራ ካላገኘች ትምህርቷን ጥላ ትመለሳለች። ስልኩ በጠራ ቁጥር «መጣሁ» የምትል እየመሰለኝ እደነግጣለሁ፤ እንግዶቼን ስለ ዋሻው እያስረዳሁ ሐሳቤ ይበተናል። ፈርቻለሁ፣ ተናድጃለሁም። እንደገና ጠይቋት፤ «አልችልም» ካለች ደግማችሁ ጠይቋት። ይህን ያህል ለማኝ መሆን ከዩኒቨርሲቲያችሁ ክብር በታች ከሆነ፣ እኔ እዚህ ሆኜ በእናንተ ስም ልለምናት ፈቃደኛ ነኝ።

የወንበርዎን ምቾት ያዝልቅልዎ፤ ለማሽንዎም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ ራሱን ለማወደስ ገና በመለማመድ ላይ ያለው
ከፋለ ወልደ ሩፋኤል
ከላሊበላ

ማስታወሻ፦ ትናንት ትሁን ደውላ ነበር። እናታችን ምግብ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቃት «በልቻለሁ» አለቻት። እናታችን ስልኩን ሰጥታኝ ወደ ጓዳ ገባች። እርስዎ ግን አይጨነቁ፤ በእናንተ አገር «በልቻለሁ» ማለት በልቻለሁ ማለት ነው።