የማኅበሩን ተራ ለለወጠው ልጄ

ደሳለኝ ልጄ፣

ቤዛዊት የጥብቅና ፈተናውን ማለፏ የተሰማ ዕለት፣ «እማ፣ እንግዲህ ሚስቴ ከእኔ ጋር የምትኖር ይመስልሻል?» አልከኝ። 

ጠላው ደርሷል፤ ጋኑን አንተው ክፈተው። ድፎው በሰፌድ ተከድኗል። ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ፤ ለቄሱ አስቀድመህ ቅዳ።

የዛሬው የሚካኤል ማኅበር ተራ የስዩም ነበር። ስዩም በመርሳ ገበያ አግኝቶኝ፣ «ደሳለኝ ለምኖ ወሰደብኝ፤ ምን ስለት አለባችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ስለት የለብንም። ቤዛዊት ቃለ መሐላ ልትፈጽም ወደ ባሕር ዳር የምትነሳው ግን ዛሬ እንደሆነ ታውቃለህ። ያለ ቃለ መሐላ ፈቃዱ አይሰጣትም።

ሚስትህ ማኅበር ጥላ እንደማትወጣ አስልተህ ነው ብዬ ጠረጠርኩህ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በለኝ።

ጋራዥ ስለምትውል አላየህ ይሆናል። ልጅ አዝላ፣ ጌሾ እየወቀጠች ነው ያጠናችው። እኔ ፊደል ስቆጥር እሷ ከጎኔ የሕጉን አንቀጽ በቃሏ ትለው ነበር። ስሳሳት ታርመኛለች፤ ስትደክም እኔ «ድገሚው» እላታለሁ።

ይህንን እሷ ጻፈችው እንዳትል። የተንጋደደው ፊደል ሁሉ የእኔ ነው።

ነጠላህ ታጥቦ ገመድ ላይ ነው።

ያንን ጥያቄ ለእኔ ከምታመጣው እሷን ብትጠይቃት ይሻል ነበር።

ቤዛዊት ሄዳለች። ሕፃኑን የምይዝላት እኔም አብሬያት ሄጃለሁ። ቤት የቀረኸው አንተ ነህ።

እናትህ ታደለች