«የተጣለች» ስለተባለችው ስለ ትርንጎ

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ግንቦት 1973 ዓ.ም.

ለጓድ ዓባይነህ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበርና የሕፃናትና የቤተሰብ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለለጠፉልን የቃላት መፍቻ ምስጋና ስለማቅረብ

እጅግ የማከብርዎት ጓድ ሊቀ መንበር፤ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎስ ደኅና ናቸው? ሽጉጥዎስ? ከሁሉ በፊት ግን ያ በነጭ ፋሻ የተጠቀለለው የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት እንደምን አደረ? ሰኞ ዕለት በስብሰባው ላይ መሣሪያ ሲወለውሉ እንደተጎዱ ሲገልጹልን ሕዝቡ ከንፈሩን እየመጠጠ እንዴት እንዳዘነልዎት አይተዋል፤ አብልጬ ያዘንኩት ግን እኔ ነበርኩ፣ ምክንያቱም በዚያ ጣት ላይ ምን እንደደረሰ ከእርስዎ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ምስጋናዬን ላድርስ።

እኔ በጠመንጃ ያዥ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ጎመን የምሸጠው ወለተሃና ገብረየሱስ ነኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቀበሌያችን ያስተምር ዘንድ የታዘዘው የመሃይም ቁጥር ስላልሞላልዎት፣ ዳዊት ከአባቴ ከመሪጌታ ገብረየሱስ እግር ሥር የደገምኩትን አሮጊት መሃይም ብለው አስመዘገቡኝና «ሀ ሁ» ስል ቆመው አጨበጨቡልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ማንበብ የሚችል ሰው የቀበሌውን ሰሌዳ ማንበብ አብዮታዊ ግዴታው ነው ብለው ስላስተማሩን፣ ኮሚቴዎ «በሕፃናትና በቤተሰብ ድጋፍ ሥራ የሚያገለግሉ ዋና ዋና ቃላትና ትርጉማቸው» ብሎ የለጠፈውን ወረቀት ፀሐይ ላይ ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እዚያው ሥር ደግሞ ሕዝቡ ያለ አንዳች ፍርሃት ሂሱን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ ጋብዘዋል። ዝም አይነቅዝም ይባል ነበር፤ የእኔ ዝምታ ግን ሦስት ዓመት ተቀምጦ ስለነቀዘ ግብዣዎን ተቀብያለሁ።

አንደኛ፣ «ሕፃን» ስለሚለው ቃል። ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነና ልዩ ጥበቃ የሚያስፈልገው ነው ብለው ጽፈዋል፤ የተባረከ ትርጉም ነው። በ1970 ይህ ትርጉም ገና አልተገኘም ነበርና፣ ሰንጋ ተራ መንገድ ዳር ደብተራቸውን በብብታቸው እንደሸጎጡ ተደፍተው ያደሩት ልጆች ምን እንደሆኑ የሚነግረን ሰው አላገኘንም። ጢም አላበቀሉም፤ ግንባራቸው ላይ የነበረው ቀዳዳ ግን ለአካለ መጠን የደረሰ ነበር። ልዩ ጥበቃውም ቢሆን አልጎደለባቸውም፤ እናቶቻቸው መጥተው እንዳያነሷቸው ጠመንጃ የደገኑ ሁለት ጥበቃዎች ሲፈራረቁባቸው ውለዋል።

ሁለተኛ፣ «ቤተሰብ»። በአንድ ጣሪያ ሥር ተደጋግፎ የሚኖር የኅብረተሰብ መሠረት ነው ይላል ወረቀትዎ፤ እውነትዎን ነው፣ እንዲህ ያለ አንድ ከእኔ ግድግዳ ማዶ ነበር። ባል ዋቅሹማ ይባል ነበር፣ የአምቦ ሰው፣ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ፤ ከሥራ ሲመጣ እጁን በናፍጣ ከዚያም በሳሙና ካልታጠበ ልጁን የማይነካ። ሚስቱ ፀሐይቱ የእኔው አገር ልጅ ስለነበረች «እትዬ» እያለች ታቆላምጠኝ ነበር። ልጃቸው ትርንጎ ያኔ በእናቷ ጀርባ የምትውል ጨቅላ ናት። የጋራዡ ደንበኛ ባመጣው መኪና ወንበር ሥር የማን እንደሆነ ያልታወቀ የተከለከለ ወረቀት ተገኘና፣ እርስዎ ያኔ የጥበቃ ጓድ መሪ ስለነበሩ፣ ወረቀቱን ማን እንዳስቀመጠው ለማወቅ ከመድከም መኪናዋን ይጠግን የነበረውን ሰው መያዝ እንደሚቀል ወሰኑ። ቀበሌው ውስጥ ከእንጨት ላይ እንደ ዶሮ ገልብጠው አሥረው ውስጥ እግሩን እስኪተለተል ሲገርፉት ድምፁ እስከ ጉልቴ ይሰማኝ ነበር፤ ሽንኩርት እየመዘንኩ ሰማሁት፣ ምን አባቴ ላድርግ። በማግስቱ መንገድ ዳር ተጋድሞ ተገኘ፤ ፊቱ ተበሳስቶ ስለነበር ያወቅነው በእጁ ነው።

ማልቀስ ክልክል እንደነበር አይረሱትም፣ ክልከላው የእርስዎ ነውና። ፀሐይቱ ግን ልጇን አዝላ ሄዳ ነጠላዋን አለበሰችውና፣ ክልከላው ትዝ ሳይላት «ዋይ» አለች። እርስዎ ደንብ አክባሪ ስለሆኑ የጠመንጃዎን ሰደፍ በማጅራቷ አወረዱት፤ ቀና ስትል ደግመው ጆሮ ግንዷን ሰበሩት፤ ደሟ በማዘያው ላይ እየወረደ ሕፃኗን አጠመቃት። ደግፌ ቤት አስገባኋት። ጎህ ሲቀድ አፏ እየተያያዘ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፦ «እትዬ፣ አደራ፤ የገደለን እጅ እንዳያሳድጋት።» ረፋዱ ላይ ሞተች። ይህን የምጽፈው ቅሬታ ለማቅረብ አይደለም፤ የቃላት መፍቻዎ «አደራ» የሚል ቃል ስለሌለው በሚቀጥለው እትም እንዲጨመር ለማሳሰብ ነው።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነውና፣ ከቀብሯ በተመለስን ማግስት የዕድራችንን ዳኛ አቶ ሀብተ ማርያምን ከሽማግሌዎቹ ጋር ጠርቼ፣ አገሬው የሰውን ልጅ የራሱ ሲያደርግ እንደሚያደርገው፣ ወተት የሌለውን አሮጌ ጡቴን ማር ቀብቼ ለልጅቷ አጎረስኳት። ጠባችው። ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጅሽ ናት፣ ብትክጃት ምድር ትክዳሽ ብለው መረቁኝ፤ አሜን አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ስለሷ አልጠየቀኝም። እንደ ወለድኳት እየተቆጣሁ፣ ጉልት ላይ ከጎመኑ መሐል አስቀምጬ አሳደግኳት፤ ደንበኞቼን ሰላም ትላለች፣ የማትወደውን ሰው ደግሞ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። አራት ዓመቷ ነው።

ሦስተኛው ቃልዎ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «ወላጅ አልባ» ማለት ወላጆቹን በሕመም፣ በአደጋ ወይም በግንባር ያጣ ነው፤ «የተጣለ ሕፃን» ማለት ደግሞ ወላጆቹ በገዛ ፈቃዳቸው ትተውት የሄዱ ነው ይላል። ኮሚቴዎ መክሮ ዘክሮ ትርንጎን ከሁለተኛው መደባት፤ አባቷ በገዛ ፈቃዱ ከሕዝቡ ጎራ የተለየ ነውና። ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ሲለይ አይቼዋለሁ። አራት ሰው እየጎተተው የበሩን መቃን አንቆ ይዞ ነበር፤ እጁን በሰደፍ ቀጥቅጣችሁ ስታላቅቁት ሁለት ጥፍሮቹ እንጨቱ ላይ ቀሩ፣ የለቀምኳቸውም እኔ ነኝ። በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ሰው መቃን አይዝም። እናቷም ብትሆን ማጅራቷን በገዛ ፈቃዷ ከሰደፍዎ ጋር ያጋጨች አይመስለኝም። ይህቺን ልጅ ማንም አልጣላትም፤ ነጠቃችኋት እንጂ።

አራተኛ «ክትትል» ነው። የሕፃኑን አያያዝ በወዳጅነት መንፈስ ቤት ድረስ እየሄዱ መመልከት ማለት እንደሆነ ካነበብኩ በኋላ ነው ሁለቱ ጥበቃዎችዎ የመጡበት ምክንያት የገባኝ። ፍራሼን በሳንጃ ዘንጥለው፣ የበርበሬ ማሰሮዬን ረግጠው፣ ልጅቷ ምን ምን እንደምትበላ ሲጠይቁኝ የምበላውን ትበላለች ስላልኩ በጥፊ ሁለት ጥርሴን ከአፌ አወጡልኝ። ወዳጅነታቸው ጠንከር ያለ ነው። ልጅቷ ጥርሶቼን ከመሬት አንሥታ መልሰሽ ክተቻቸው አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፣ ቁጣዬ ቆጠራ አልቀበል ብሎኛል። «አሳዳጊ ቤተሰብ» ማለት መልካም ሥነ ምግባር፣ በቂ ገቢና የጠራ የአብዮት ታሪክ ያለው ነው አሉ። ኮሚቴዎ ቀበሌውን በሙሉ አበጥሮ ሲፈልግ ይህን የሚያሟላ ቤት አንድ ብቻ ተገኘ፤ ጉድ እኮ ነው፣ እሱም የእርስዎ ሆኖ ቁጭ አለ። ባለቤትዎ ወልዶ መሳም እንዳልሆነላቸው እናውቃለን፣ እናዝንላቸዋለን። ልጅቷ «የተጣለች» የተባለችው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ተገለጠልኝ፤ የተጣለ ነገር ያነሳው ሰው ነውና የሚወስደው።

ማኅተምዎ ይበቃዎት ነበር። ነገር ግን ከገጠር የመጡት እናትዎ፣ ማር ያልላሰች ልጅ የቤት እንግዳ ናት፣ የሟቾቹም ደም ከደጅህ አይርቅም ብለው ስላስፈራሩዎት እንቅልፍ እንዳጡ ባለቤትዎ ራሳቸው ነግረውኛል። በየስብሰባው ኋላ ቀር ልማድ ይውደም እያሉ እጃችንን ሲያስነሱን የኖሩት ሰው፣ ባለፈው እሑድ ሕዝቡን ለጽዳት ዘመቻ አስወጥተው፣ በብርጭቆ ማር ይዘው ቤቴ ገቡ። ጥበቃዎ በአፈሙዝ ከግድግዳ አጣብቆ ያዘኝ። ባህሉን ካጠኑ አይቀር ግን አንዲት ነገር ስታመልጥዎት አይቼ አፍሬልዎታለሁ፤ ደም የተቃባ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ይቅር ሳይባል ከሟች ወገን ጋር ውሃ እንኳ አይጠጣም። እርስዎ እርቁን ዘልለው ማሩ ላይ ደረሱ።

አውራ ጣትዎን ከማሩ አጥቅሰው በጡት ምትክ ለልጅቷ አቀረቡላት። ልጅ ናትና ላሰችው፤ ጣፈጣት። ሐሰት አልናገርም፣ ፊትዎ ሲፈታ አይቼ ለቅጽበት አሳዘኑኝ፣ እርስዎም ለካ ሰው ነዎት። ጠምዝዘው ወደ ደረትዎ ሲያስጠጓትና አባባ በይኝ ሲሏት ግን ጥርሷን እስከ አጥንቱ ሰደደችው። ጮኹ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንቱን ሲያስጮኹ ኖረው የእርስዎን ጩኸት ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ከዚያ አንጠልጥለው ወረወሯት፤ ቅንድቧ ከሣጥኔ ጥግ ተጋጭቶ ተሰነጠቀ፣ ማርና ደም አንድ ላይ በአገጯ ወረደ፤ አላለቀሰችም። እንግዲህ መሣሪያ ሲወለውሉ የደረሰብዎት አደጋ ይኸው ነው።

«ለሕፃኑ ጥቅም ሲባል» ሐሙስ በቀበሌው መኪና መጥተው እንደሚወስዷት አስታውቀውኛል። አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን እንዳይለፉ። ልጅቷ የለችም። ከትናንት በስቲያ አሳልፌ ሰጥቻታለሁ፤ ወዴትና ለማን እንደሆነ ከእኔ በቀር በዚህ ቀበሌ የሚያውቅ ነፍስ ስለሌለ፣ ጎረቤቶቼን በመግረፍ የጥበቃዎችዎን ጉልበት እንዳያባክኑ እለምናለሁ። ስንለያይ ነጠላዬን ጨብጣ አልለቅም ስትል ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ በእጄ ነኝ። እንግዲህ ቃልዎን በትክክለኛ ቦታው ላይ ላውልልዎት፦ ይህቺን ልጅ የጣላት ሰው ካለ እኔ ወለተሃና ነኝ፣ ለአደራ ስል የወለድኳት ያህል የምወዳትን ልጄን ጥያታለሁ።

ይህ ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሳለ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ እጠብቅዎታለሁ። ውስጥ እግሬ አሮጌ ስለሆነ ብዙ አያስለፋዎትም፣ ምላሴ ግን ልጅቷ የሄደችበትን መንገድ አይናገርም፤ የእናቷን አደራ ስለተቀበልኩ እንጂ ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። በሩ አይቆለፍም። እባክዎ እንዳይሰብሩት፣ የመንግሥት ቤት ነው።

የዘመኑ ደብዳቤ ሁሉ «ወይም ሞት» ብሎ እንደሚዘጋ አላጣሁትም፤ ከ«ወይም» በፊት የነበረኝን አስቀድሜ ከእጅዎ ስላሸሸሁት ግን ለእርስዎ የቀረልዎት ሁለተኛው ብቻ ነው። ይህንኑ እንደ ወግ ማዕረግዎ እንዲፈጽሙ፣ ጤናና ዕድሜ እንዲሰጥዎት፣ ዕድሜውም ያደረጉትን ሁሉ ለማስታወስ የሚበቃ እንዲሆንልዎት ከልብ የምመኝ፣ በቀበሌዎ መሃይምነትዋ የጠፋላት፣

ወለተሃና ገብረየሱስ
የትርንጎ ዋቅሹማ የጡት እናት

ግልባጭ፦
ለዕድራችን ዳኛ ለአቶ ሀብተ ማርያም (ለቀብሬ እንዲያውቁት)
ለልደታ ማርያም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅቷን የተቀበሉኝ ሰዎች የአባቷንና የእናቷን ገዳይ ስም ጠየቁኝ። ስታድግ የሚጠፋባት ስም እንዳይሆን ብዬ እስከ አያትዎ ነገርኳቸው።