የምሽት ዋጋና የሰይድ ትንፋሽ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 18

የኦክስጅን ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር ገፋሁት። ቱቦውን ከባሌ ከሰይድ አፍንጫ የነቀልሁት በችኮላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ከሻ፣ ከሻ» ይላል፤ አፈሳ መጣ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ኢቃማችን፣ የሱዳን የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ጊዜው ካለፈ ዓመት ሆኖታል።

በሩን ያንኳኩት ግን ፖሊስ አልነበሩም። ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከመብራት መሥሪያ ቤት ነን አሉ። አንደኛው መነጽር ያደረገ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ይጠይቀኛል። ቤት ውስጥ ምን አለ? ማራገቢያና ሁለት አምፖል አልሁ። በሽተኛስ? የሐኪም መሣሪያ? «ማፊ» አልሁት፤ የለም። ሰይድ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እንደ ጤነኛ ሰው ፈገግ ለማለት ይታገላል። ቆጣሪው በማን ስም ነው? በሐጃ አምና፣ በቤቱ ባለቤት። አንቺስ? ዘመዷ ነኝ። የሆነ ነገር ጫረና ሄደ።

ከበሩ እስኪርቁ የሰይድ ከንፈር ጠቁሯል። ሳንባውን እንዲህ ያደረገው ሰሊጥ መጋዘን ሲሠራ ዓመታት ሙሉ የዋጠው አቧራ ነው። ያለ ኦክስጅኑ ብዙ አይቆይም። ማሽኑን መልሼ ስሰካ ትንፋሽ ያጠረው እኔን ነው።

ማክሰኞ፣ 19

ጉድ ነው የሠራሁት።

ግድግዳ የምንጋራት ለተይ ከሱቅ ሰምታ መጣች። አዲስ ደንብ ወጥቷል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ መብራት እንደ ሰዓቱና እንደ ወቅቱ ይሸጣል። ቀን መደበኛ ዋጋ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ቅናሽ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት እጥፍ። በበጋው ሙቀት እጥፉ ላይ ጭማሪ አለ፤ ዝናብ ሲገባ ይነሳል። ምሽት ሁሉም ማራገቢያውን በአንድ ጊዜ ስለሚከፍት ነው አሉ። በሐኪም መሣሪያ የሚኖር ሰው ያለበት ቤት ግን፣ ከተመዘገበ በድሮው ዋጋ ይቀጥላል።

ለካ ትናንት የመጡት ሊመዘግቡን ነበር። ሊያድነን የመጣውን ነው የሸሸሁት።

«ሌላውስ ምን አለ?» አልኋት።

«ሁሉም ማፊ ነው ያለው» አለችና መሬት መሬት አየች።

ረቡዕ፣ 20

ሰፈሩ ሰዓቱን እያዞረ ነው። ልብስ ሰፊው ካውያውን ወደ ቀን አዛወረ። ለተይ ውኃ መሳቢያውን ጎህ ሲቀድ አስነሳለሁ ትላለች። ካውያ ይዞራል፣ ሞተር ይዞራል። የሰይድ ትንፋሽ ወዴት ይዞራል? እሱ የሚብስበት ምሽት ነው፣ የመጋዘኖቹ አቧራ ሰፈሩ ላይ ሲተኛ። ገበያ በርበሬና ቅመም ሸጬ የማመጣው ለአሁኑ ዋጋ እንኳ በጭንቅ ነው የሚበቃው።

መግሪብ ሰግጄ ስዞር ማሽኑ ዝም ብሏል። ራሱ ነቅሎታል።

«ልለማመድ ብዬ ነው፣ ዘይነብ» አለ በተቆራረጠ ድምፅ።

ጮኽሁበት። በትዳራችን እንዲያ ጮኼበት አላውቅም። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስሁ። እሱ ቱቦውን አድርጎ ቀለም ሲመለስለት ይቀልድብኛል፦ «ልብስ ሰፊው ካውያውን ካስተማረ፣ እኔ ሳንባዬን ማስተማር ያቅተኛል?» አልሳቅሁለትም።

ሐሙስ፣ 21

ሐጃ አምና ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋት። እሷም ፈርታለች፤ ያለ ውል ለውጭ ሰው ማከራየቷ ሊታወቅባት ነው።

«ያ ቢቲ» አለች፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «ቆጣሪው የኔ ነው፤ ሄጄ እፈርማለሁ። የዋሸሽው ግን አንቺ ነሽ። አፍሽ ራሱ ይመልሰው።»

ዓርብና ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ነው። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። እሑድ በጠዋት እንሄዳለን።

ዓርብ፣ 22

የምፈራው፦

መነጽራሙን ሰውዬ።

ኢቃማ አምጪ ሲለኝ።

መኪና ላይ ጭነው ድንበር አሻግረው ወደ መተማ ቢመልሱን። መንገድ ላይ ማሽኑ የሚሰካበት የለም።

ባልሄድ ደግሞ ሰይድን እፈራዋለሁ። ዘወር ስል ይነቅለዋል።

የምለውን በዓረብኛ ተለማመድሁ። ሦስት ጊዜ ጀመርሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ይቅርታ» ላይ ቆምሁ።

ቅዳሜ፣ 23

ሙቀት። ገበያ አልወጣሁም። ማሽኑን ስጠብቅ ዋልሁ።

እሑድ፣ 24

መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ራሱ መነጽራሙ ነው። ሐጃ ከኋላዬ ሙስበሃዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ትቆጥራለች። የተለማመድሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ዋሽቼ ነው» አልሁት። «ባሌ በማሽን ነው የሚተነፍሰው።»

መዝገቡን ገለጠ። ማራገቢያና አምፖል ተጽፏል። የሐኪም መሣሪያ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

«ጉንጩ ላይ የቱቦውን ምልክት አይቻለሁ» አለ። «የለም ስትይኝ ግን አለ ብዬ ልጽፍ አልችልም። የለም ብዬ መጻፉንም እጄ እምቢ አለኝ።»

የሐኪሙን ወረቀት ተቀበለ፤ ሐጃ ፈረመች። የነዋሪዎች ሙሉ ስም ሲል ወደ ሐጃ ዞርሁ። የሰይድን ነገርሁት፤ የኔንም። ኢቃማ የሚለው ላይ ሲደርስ በብዕሩ ነካ አድርጎ አየኝ። «ስታሳድሱ ታመጣላችሁ» አለ። መቼ እንደሆነ አላለም።

ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። አሁን ስማችንና ቤታችን አንድ መስመር ላይ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ማሽኑ ይሠራል። ይህን ስጽፍ በሩ ተንኳኳ። ብርድ ልብሱን ብድግ አድርጌ ያዝሁት። ሰይድ አየኝ። መልሼ አስቀመጥሁና ከፈትሁ።

ለተይ ናት። ሰኞ ዕለት እሷም የእናቷን የአስም ማሽን ጆንያ ውስጥ ከትታ ደብቃው ኖሯል።

«የትኛው መስኮት ነው?» አለችኝ።

«ሁለተኛው። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኋት። ካልሁ በኋላ እንደገና ፈራሁ።